የእናቶቻችን እፍኝ



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ትርጉሙ በሚገባ የገባን ግን ዘንድሮ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የእናቶቻችንን የጾም ምግብ አሠራር ጽፈን፣ መጽሐፉንም በገዛ እጃችን ሰፍተን ለማዘጋጀት ተነሥተን ነበር። ከዚህ ሥራ የተማርነውን በአጭሩ እናቀርብላችኋለን።

1ኛ/ ስለ መለኪያ

የመጀመሪያው ችግራችን መለኪያ ነበር። «እማማ፣ ሽሮው ምን ያህል ይሁን?» ብለን ብንጠይቅ «እንደ ውኃው ነዋ ልጄ፤ በዓይንህ እየገመትክ ነስነስ ማድረግ ነው» የሚል መልስ አገኘን። ይህ ለባለሙያ በቂ ነው፤ ከመጽሐፍ ለሚማር ግን ምንም አልተነገረውም። ስለዚህ አንዳችን ሲኒ ይዘን ከምድጃው አጠገብ ቆምን፤ የእናት እፍኝ ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት በሲኒ እየተቀበልን ለካን። ሁለተኛው ሰዓት ተመለከተ፤ ሦስተኛው ጻፈ። የአንዷ እፍኝ ከሌላዋ እንደሚለይ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ስለሆነም በየገጹ የባለሙያዋን ስም ጻፍን። «ሲንተከተክ እሳቱን ቀንሱ» የመሰለውን አነጋገራቸውን ግን እንዳለ ተውነው፤ ከሰዓት ይልቅ የሚያስረዳው እርሱ ነውና።

2ኛ/ ስለ አሰፋፍ

አሰፋፉን የወሰድነው ከአባቶቻችን የብራና መጻሕፍት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው በክር ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከዋንዛ ወይም ከወይራ በተጠረበ ገበታ መካከል ይሆናሉ። ጥቁሩ ቀለማቸውም ቢሆን ከማድ ቤት የራቀ አይደለም፤ ከድስትና ከምጣድ ጥላሸት፣ ካረረም እህል ይዘጋጅ ነበር።

እኛ በወረቀት እንዲህ አደረግን፦ አራት ሉህ በአንድነት አጥፈን አንድ ጥራዝ አልን። ስድስት ጥራዝ 96 ገጽ ሆነልን። በእጥፋቱ ላይ በወስፌ አራት ቀዳዳ በሳን። ክሩ እንዳይላላ በጧፍ ሰም አሸነው። መርፌው አንዱን ጥራዝ ሰፍቶ ሲወጣ ከታችኛው ጥራዝ ስፌት ሥር እየገባ እንደ ሰንሰለት ያያይዘዋል። ለሽፋኑ ወፍራም ካርቶን በአቡጀዲ ለበጥን። የምግቦቹን ስም በቀይ፣ አሠራሩን በጥቁር ጻፍን።

3ኛ/ ባዶ ስለ ቀረው ገጽ

በመጽሐፋችን ውስጥ አንድ ያልተጻፈበት ገጽ አለ። በአናቱ ላይ በቀይ ቀለም «ስልጆ» ይላል። በአጥቢያችን በስልጆ የታወቁ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት ጊዜ «ኑ ላሳያችሁ» ብለው ጠርተውናል። እኛ ግን ፈተና ደርሶብን ስለነበር «ከፈተና በኋላ እንመጣለን» አልን። ፈተናው ሳያልቅ እርሳቸው ዐረፉ።

ስልጆ ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍ ውኃና ከሰናፍጭ እንደሚሠራ፣ ለጥቂት ቀናትም እንደሚቦካ እናውቃለን። ሰናፍጩን መቼ እንደሚጨምሩ፣ መድረሱንም በምን እንደሚለዩ ግን አልጠየቅናቸውም። ልጆቻቸውም «እሷ ሳለች ምን አስጨነቀን ብለን!» አሉን። የሌላ ባለሙያ አሠራር በገጹ ላይ እንጻፍ ያለ ከመካከላችን ነበር፤ ተወያይተን ተውነው። ሌላው ስልጆ በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ ይህ ገጽ ለእኛ ማስታወሻ ሆኖ ይቀመጥ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወረቀትና ክር በማንኛውም ጊዜ ይገኛል። መጽሐፉም ዛሬ ባይሰፋ ነገ ይሰፋል። የሚያስተምሩን ሰዎች ግን እንደ ወረቀቱ አይጠብቁንም። ስለዚህ እያንዳንዳችን እስከሚመጣው እሑድ አንድ እናት ወይም አንዲት አያት ዘንድ ሄደን፣ ሲኒ ይዘን፣ አንድ ምግብ ለክተን ጽፈን እንምጣ። ያላለቀ ፈተና ቢኖርብንም እንሂድ።