ማሽላው ምን ነካው?

ተማሪዎቼ የታመመ ማሽላ ሲያዩ አንድ ቅጠል ቀጥፈው ይዘው ይመጡና «ምን ነክቶት ነው?» ይሉኛል። ቅጠሉን ተቀብዬ መልሼ ወደ ማሳው እልካቸዋለሁ። አንድ ቢጫ ቅጠል የውሃ ጥም፣ የናይትሮጅን እጥረት ወይም ሥር ላይ የተጣበቀ አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በራያ ቆላ ደግሞ ሦስቱ በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይገኛሉ። ቆቦ ላይ ዝናብ ሲዘገይ ጥፋቱ ሁሉ በዝናቡ ይሳበባል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ድርቅ መትቶታል ተብሎ የተተወ ማሳ ውስጥ አቀንጭራ ዘሩን አራግፎ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል።

ከቅጠሉ በፊት ማሳውን

መጀመሪያ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ዙሩት። ሕመሙ በመላው ማሳ እኩል ከታየ ምክንያቱን በአየሩ፣ በዘሩ ወይም በአፈሩ ለምነት ፈልጉ። ቦታ ቦታ ላይ ብቻ ከታየ አቀንጭራን፣ የተኛ ውሃን ወይም ጨውን ጠርጥሩ። እዚህም እዚያም ነጠላ ተክል እየለየ ከመታ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሳት ናቸው።

እንደ ጎሊናና ሆርማት ካሉ ወንዞች ጎርፍ ተጠልፎ በሚጠጣ ማሳ ላይ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ውሃውና ደለሉ የላይኛውን ጫፍ ቀድመው ያገኙታል፤ የታችኛው የተረፈውን ይጠጣል። ቢጫነቱ ወደ ታች እየባሰ ከሄደ ውሃው አልደረሰም ማለት ነው። ውሃ ለቀናት በተኛበት በላይኛው በኩል ከሆነ ግን ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል።

ማለዳና ቀትር

ማሽላ ቀትር ላይ ቅጠሉን ቢጠቀልል አትደንግጡ፤ ውሃውን እየቆጠበ ነው። ማለዳ ተመልሳችሁ እዩት። ሌሊቱን ተዘርግቶ ካደረ ደህና ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ተጠቅልሎ ከተገኘ በእርግጥ ተጠምቷል።

ቢጫነት ከየትኛው ቅጠል እንደጀመረ መለየትም ብዙ ይረዳል። ናይትሮጅን ያጠረው ተክል ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ አዲሱን ይመግባል፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው በመሐል አጥንታቸው በኩል ይገረጣሉ። ብረት ግን በተክሉ ውስጥ እንደ ልብ አይንቀሳቀስምና እጥረቱ የሚታየው በለጋው ቅጠል ላይ ነው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው መካከላቸው ይነጣል።

አፈሩ ርሶ ሳለ ሲጠወልግ

ይህ ምልክት ከሁሉም ይበልጥ ሊታወቅ ይገባዋል። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ትናንት ዘንቧል፣ ማሽላው ግን እንደተጠማ ይጠወልጋል፤ ቁመቱም አይጨምርም። ሐምራዊው የአቀንጭራ አበባ ገና አልታየም፤ ስለዚህ የሚጠረጥረው ሰው የለም። አቀንጭራ ግን ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ሳምንታትን ከአፈር በታች ያሳልፋል፤ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰውም ያኔ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል፤ ሥሩን ፈልጎ ይጣበቅና ውሃውንና ምግቡን ይጠጣል። ለምነቱ ባለቀ አፈር ላይ የበቀለ ማሽላ ደግሞ ይህን ኬሚካል አብዝቶ ያመነጫል። አቀንጭራ በተራቆተ መሬት ላይ የሚበረታው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ ተክሉን አትንቀሉት፤ ሲነቀል ተጣባቂው ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በጥልቀት ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አውጡትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ሥሩ ላይ የተጣበቁ ነጫጭ ቡቃያዎች ካያችሁ ምርመራው አለቀ።

ብዙ ገበሬ «አበባው ከወጣ ወዲያ ቢነቀል ምን ይጠቅማል?» ይላል። ለዘንድሮው ማሽላ እውነቱን ነው። ለከርሞ ግን ዘር ከመጣሉ በፊት የተነቀለ እያንዳንዱ አቀንጭራ ትልቅ ነገር ነው፤ ያበበውን ሰብስቦ ማቃጠል ይገባል። ማሽላን በየዓመቱ በዚያው መሬት ላይ ከመዝራት በመሐሉ እንደ ካውፒ ያለ ጥራጥሬ ማስገባትም ይረዳል፤ የጥራጥሬው ሥር የአቀንጭራን ዘር ይቀሰቅሰዋል፣ የቀሰቀሰው ዘር ግን የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል።

ተመራማሪው ገቢሳ ኤጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬም ቀርበዋል፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ስም በመንገዱ ላይ ባለችው ከተማ ስም ያውቀዋል። የእነዚህ ዝርያዎች ሥር የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እንደ ሌሎቹ አያመነጭም።

ልቡ የደረቀ ቡቃያ

ከመሐል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ደርቆ፣ ሲስቡት በቀላሉ ተመዞ ከወጣ አገዳ ቆርቁርን አስቡ፤ በጣም ትንሽ ቡቃያ ላይ ከሆነ ደግሞ የዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል። አገዳውን ለሁለት ሰንጥቁት። ዋሻና ትል ካለ ቆርቁር ነው። በለጋው ቅጠል ጉያ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ተከማችቶ፣ ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ (Y) ፊደል ቅርጽ ካለው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው።

የቆርቁር ትል በጋውን የሚያሳልፈው በቆመና በተከመረ አገዳ ውስጥ ነው። አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ስለሚፈለግ አቃጥሉት ማለት ለራያ ገበሬ ምክር አይሆንም። ከመከመሩ በፊት መሬት ላይ አጋድሞ ለሳምንታት ለፀሐይ ማስጣት ግን ብዙውን ትል ይገድላል።

ቀይ ነጥብ

ማሽላ ሲቆስል ይቀላል። ነፍሳት ቢበላው፣ በረዶ ቢመታው፣ ሻጋታ ቢይዘው ብዙዎቹ ዝርያዎች ቁስሉ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም ያመነጫሉ። ስለዚህ ቀለሙ የሚነግረን ቁስል መኖሩን እንጂ ማን እንዳቆሰለው አይደለም። ነጥቡን በአጉሊ መነጽር እዩት፤ መሐሉ ገርጥቶ ጥቃቅን ጥቁር ጸጉር መሰል ነገር ከበቀለበት አንትራክኖዝ የተባለው የሻጋታ በሽታ ነው፤ እርጥበት ሲበዛም ይስፋፋል።

በማሽላው ራስ ላይ በፍሬው ፋንታ ጥላሸት የሞላው ከረጢት ከታየ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከዘሩ ጋር ነው፤ በዚህ ወቅት የሚረጭ መድኃኒት አያድነውም። የታመመውን ራስ በከረጢት ሸፍናችሁ ቁረጡና ከማሳው አውጡ፤ ለከርሞ ዘርም ከዚያ ማሳ አትምረጡ።

እንግዲህ ወደ እኔ ስትመጡ ቅጠሉን ብቻ አታምጡ። ከነሥሩና ከነአፈሩ የተቆፈረ አንድ የታመመ ተክል፣ ከአጠገቡ አንድ ጤነኛ አምጡ፤ ከማሳውም የትኛው በኩል እንደተነሡ ጻፉልኝ።