ስሙን ያልጠራሽውን አትውጊ

ጎንደር አጠገብ ፀዳ፤ ከቡና በኋላ። ጡረታ የወጡ የሰመመን መምህርና ጎረቤታቸው የሆነች የሕክምና ተማሪ ይጫወታሉ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ዛሬ የጓደኛዬን አንገት በአልትራሳውንድ አየነው። እኔ ግን ከጥቁርና ነጭ ጉም በቀር ምንም አልታየኝም። መጽሐፉ ላይ እኮ ነርቭ ቢጫ ነው!

መምህሩ፦ መጽሐፉ ቀለም የቀባልሽ እንድትለዪው ነው፣ ልጄ። መሣሪያው የሚያውቀው ድምፅን ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ በላይ አይሰማም፤ ለቆዳ ቅርብ የሆነ ነርቭ የምናይበት ድምፅ ወደ 10 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ነው። ድምፁ አጥንት ሲገጥመው ይመለሳል፤ አጥንቱ ነጭ ይሆናል፣ ከሥሩም ጥላ ይጥላል። ደም ውስጥ ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ደም ጥቁር ነው።

ተማሪዋ፦ ጥቁሮቹ ክቦች ሁለት ነበሩ። በምን ልለያቸው?

መምህሩ፦ የመሣሪያውን ፕሮብ ቀስ ብለሽ ተጫኚ። ደም መልሱ ይጨፈለቃል፤ ደም ቅዳው ግን ትር ትር ማለቱን አይተውም። እሱን ይዘሽ ወደ አንገት ግርጌ ውረጂ። እዚያ ወደ ክንድ ከሚሄደው ደም ቅዳ ሥር የመጀመሪያው የጎድን አጥንት አለ። ከደም ቅዳው በውጪ ጎን የማር እንጀራ የመሰለውን አየሽው? ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች እነዚያ ናቸው። ከጎድን አጥንቱ አጠገብ፣ ሰውየው ሲተነፍስ የሚንሸራተተው ነጭ መስመር ደግሞ የሳንባ ሽፋን ነው።

ተማሪዋ፦ መሣሪያው ይህን ሁሉ ካሳየን አናቶሚ ለምን ያስጨንቁናል?

መምህሩ፦ ስም የምትሰጪው አንቺ ነሽ። እጅ አንጓ ላይ ጅማትና ነርቭ ይመሳሰላሉ። ወደ ክንድ ተከትለሻቸው ውጪ፤ ጅማቱ ጡንቻ ይሆናል፣ ነርቩ ነርቭ እንደሆነ ይቀጥላል። ይህን መንገድ አስከሬን ላይ በጣትሽ ካልሄድሽበት ስክሪን ላይ ይጠፋሻል።

ተማሪዋ፦ እናንተስ ያለ መሣሪያ ነርቭ እንዴት ታደነዝዙ ነበር?

መምህሩ፦ እየዳሰስን፣ በግምት። እ.ኤ.አ. በ1884 ሐኪሙ ካርል ኮለር ቪየና ላይ ዓይንን ብቻ በኮኬይን ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳየ። የዚያው ከተማ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመሩ የአንገት ግርጌ ነርቮችን ማደንዘዛቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እኔም በግምት ስወጋ የአንድ ገበሬ ሳንባ ነክቻለሁ። ሰውየው ዳነ፤ ትንፋሽ ያጠረው ፊቱ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ሙሉ ሰመመን አይሻልም?

መምህሩ፦ ከደባርቅ ክንዱ ተሰብሮ የመጣ ሰው ምሳውን በልቶ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሰመመን ስትሰጪው ቢያስታውከው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ክንዱ ብቻ ከደነዘዘ ግን ራሱ ይተነፍሳል፣ ያወራሻልም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጇን ስትከፍት ለእንዲህ ያለው የገጠር ሰው የሚደርስ ባለሙያ ለማፍራት ነበር። ስለዚህ ስሙን ያልጠራሽውን አትውጊ፤ የመርፌው ጫፍ ካልታየሽም አትግፊ።

ተማሪዋ፦ እስቲ እጅዎን ያምጡ፣ ጋሼ። ይህ ደም ቅዳ ነው። ይህ ጅማት። ይህ ደግሞ…

መምህሩ፦ ምነው ዝም አልሽ?

ተማሪዋ፦ እርግጠኛ አይደለሁም።

መምህሩ፦ እንግዲያው መርፌሽን አስቀምጪና ከደም ቅዳው ጀምሪ።