ለጀማሪው መምህር

ልጄ፣ የምደባ ደብዳቤህ ደርሶህ ክፍል ልትገባ ነው። በወላይታ በዚሁ ሥራ ያረጀሁ ነኝና ጥቂት ልምከርህ። ጦርነትና ኑሮ ውድነት ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ ሰው ክርክር ይሰለቻል፤ የሚያዝዘው ጉልበተኛ ይመኛል። ልጆች ሳይጣሉ መከራከርን የሚለምዱበት ቦታ ያንተ ክፍል ነው።

1. የወጋጎዳን ታሪክ እወቅ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ያደባለቀ «ወጋጎዳ» የተባለ መማሪያ መጽሐፍ፣ ሕዝቡ ሳይመክርበት ትምህርት ቤት ገባ። መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ። በወላይታዋ ሶዶ ከተማ ሰው ሞተ፤ መምህራን ታሰሩ፣ ከቦታቸው ተነሥተው ተዛወሩ። መጽሐፉ የተነሣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አንተም የሚሰጥህን መጽሐፍ አስቀድመህ አንብብ፤ ያልተስማማህበትን ሳትፈራ በጽሑፍ አሳውቅ።

2. የክፍል አለቃ አትሹም፤ ይመረጥ። ተወዳዳሪዎቹ ቆመው ሐሳባቸውን ይናገሩ። ድምፁ በቁራጭ ወረቀት ይሰጥ፤ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተዘረጋ ሰሌዳው ላይ በሁሉም ፊት ይቆጠር። ድምፅ አሰጣጡ ወይም ቆጠራው ከተዛባ ይደገም። የጥር 29 ቀን 2015ቱ የክልል ምሥረታ ሕዝበ ውሳኔ በወላይታ ዞን ተሰርዞ ሰኔ 12 ለምን እንደተደገመ ያን ጊዜ ብትነግራቸው ይገባቸዋል።

3. የችግሩን መንገድ አሳያቸው። የካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ስንዴ፣ ዘይትና ማዳበሪያ በዓለም ገበያ ተወደደ፤ ዳፋው የእኛን ገበሬም ነካ። ከጥቁር ባሕር እስከ ሶዶ ገበያ ያለውን መንገድ ሰሌዳው ላይ ሣልላቸው። የትኛው ችግር ከውጭ እንደመጣ፣ የትኛው ከራሳችን አሠራር እንደሆነ እነሱ ይለዩ። ምክንያቱን ያላወቀ ልጅ ጥፋቱን በጎረቤቱ ያላክካል።

4. አንደበትህን ጠብቅ። በሰኔ 2010 ሐዋሳ ላይ በወላይታና በሲዳማ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት የሞተውን፣ የተፈናቀለውን አንርሳ። ስለ አንድ ሕዝብ በክፍል የምትጥላት የንቀት ቃል ቤት ድረስ ትሄዳለች፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተማሪ ከቴሌግራም ያገኘውን ወሬ ይዞ ሲመጣ አትቆጣው። ማን ጻፈው? መቼ? ፎቶው የት ተነሣ? ሌላስ ማን አረጋገጠው? ብለህ አብረኸው መርምር።

5. ደመወዝ ሲዘገይ መብትህን ጠይቅ። በዞናችን መምህራን ደመወዝ አጥተው ሥራ ያቆሙበትን ጊዜ አይተናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን ይፈቅድልሃል። ብስጭትህን ግን ልጆቹ ላይ አትወጣ። ዴሞክራሲን ከመጽሐፉ ይልቅ ካንተ አጠያየቅ ይማራሉና በግልጽ፣ ከባልደረቦችህ ጋር ሆነህ ጠይቅ። ተማሪህም ማርኩ እንደጎደለበት ሲነግርህ ወረቀቱን ዘርግተህ አብረኸው ቁጠር፤ ተሳስተህ ከሆነ በክፍሉ ፊት አርም።