እንግሊዝኛውስ መቼ ልክ ሆነና!

ሐሳብ ሞልቶዎት ሳለ «እንግሊዝኛዬ ይሰበራል» ብለው ስብሰባ ላይ አፍዎን ለጉመው ይቀመጣሉ? እንግዲያው ይህችን ጽሑፍ ለእርስዎ ጻፍኳት። ያ የሚፈሩት ቋንቋ ራሱ ስህተቱን ተሸክሞ ነው ዓለምን የዞረው።

እርሳስን ይውሰዱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ቦሮዴል በሚባል ሸለቆ፣ ጥቁርና የሚጽፍ ማዕድን ተገኘ። ሰዎቹ የእርሳስ ማዕድን ዓይነት መሰላቸውና «ሌድ» አሉት። በ1779 እ.ኤ.አ. ካርል ሼሌ የተባለ በስዊድን የሚሠራ ኬሚስት ነገሩ ካርቦን መሆኑን አሳየ፤ በኋላም ግራፋይት የሚል ስም ወጣለት። እንግሊዞች ግን በመጻፊያው ውስጥ ያለውን ዛሬም «ሌድ» ይሉታል። እኛስ ብንሆን? ለብረቱም ለመጻፊያውም «እርሳስ» እያልን አይደል!

የፓናማ ኮፍያ የሚሠራው ኢኳዶር ነው። የአውሮፕላኑ «ብላክ ቦክስ» ብርቱካናማ ነው፤ በስብርባሪ መሐል ቶሎ እንዲታይ። እንግሊዝና ፈረንሳይ የተዋጉት የመቶ ዓመት ጦርነት ከ1337 እስከ 1453 የዘለቀ ነው፤ ሒሳቡን ለእርስዎ ትቻለሁ። ወጣቱ በየካፌው የሚደጋግመው «ናይስ» እንኳ ድሮ በእንግሊዝኛ «ጅል» ማለት ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ቡና ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ሊኒየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ሲሰይመው አገሩን ዐረብ ምድር አድርጎ ነው። መነሻው ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም «ቢን» ብሎ ከእነ ባቄላ ጎራ ጨመረው፤ የፍሬ ዘር ሆኖ ሳለ። ይኼኛው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያናድደኛል። ቡናው ግን ስሜ ተሳሳተ ብሎ ከገበያ አልቀረም።

ታዲያ በነዚህ ቃላት አፍሮ ዝም ያለ እንግሊዛዊ አይተው ያውቃሉ? «ሊትራሊ ሞቻለሁ» እያለ ማኪያቶውን የሚጠጣ አሜሪካዊም ሞልቷል፤ ቃሉ «ቃል በቃል፣ በእውን» ማለት መሆኑ ቅንጣት አያስጨንቀውም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብዎን አስቀድመው በአማርኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። ከዚያ ባለዎት እንግሊዝኛ ይናገሩት። ቃሉ ከጠፋዎት ነገሩ ምን እንደሚሠራ ያስረዱ፤ ሰው ይረዳዎታል። የሚያርምዎ ካለ አመስግነው ይቀጥሉ። የሚስቅብዎት ካለ ግን ጠጋ ብለው፣ ጊኒ ፒግ የየት አገር አሳማ እንደሆነች ይጠይቁት። ከደቡብ አሜሪካ ናት፤ አሳማም አይደለችም።