ዓለሙ ከተጫዋቹ ጋር ይደግ ወይስ ባለበት ይቆይ?

ስለ ቪዲዮ ጌም ሲወራ ብዙዎቻችን የምናነሳው የሥዕሉን ጥራት ነው። ተጫዋቹ በሰፊ ምናባዊ ዓለም እንደ ልቡ ለሚዞርባቸው ጌሞች ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፤ ተጫዋቹ ሲጠነክር ጠላቶቹ ምን ይሆናሉ?

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ኦብሊቪየንን እንውሰድ። እዚህ አብዛኞቹ ጠላቶች የሚመጠኑት በተጫዋቹ ደረጃ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ጀማሪውም በፈለገው አቅጣጫ ሄዶ አቅሙን የሚመጥን ጠላት ያገኛል። ለፕሮግራም ጸሐፊውም ቢሆን ጠላትን አንድ በአንድ በየቦታው ከማስቀመጥ ቀመር ይቀለዋል። ውጤቱን ግን እንይ። መንገድ ላይ አስቁሞ 100 ወርቅ የሚጠይቅ ሽፍታ አለ። ተጫዋቹ ከፍተኛ ደረጃ ሲደርስ ይኸው ሽፍታ ዋጋው ከሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ እጥፍ የሆነ ጥሩር ለብሶ ይጠብቀዋል። እንዴ፣ እሱን ሸጦ ለምን አርፎ አይኖርም! የባሰም አለ። ደረጃ የሚጨምረው ተኝተው ሲነሱ ስለሆነ፣ ሆን ብሎ የማይተኛ ተጫዋች ጠላቶቹን ደካማ አድርጎ ያቆያቸዋል። አለማደግ አዋጪ ሆነ ማለት ነው።

ፒራኛ ባይትስ የተባለው የጀርመን ድርጅት በ2001 ያወጣው ጎቲክ ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። ጀግናው በአስማት ግርዶሽ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ የተወረወረ እስረኛ ነው። የጫካው አውሬ ለጀማሪም ለጎበዝም ያው ነው፤ አይራራም። ሰይፍ አያያዝ እንኳ ከአስተማሪ ይማሩታል፤ ያልተማረ ሰው ያንድ እጁን ሰይፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ይወራጫል፣ ሲሠለጥን አያያዙ ራሱ ይለወጣል። ያ ሲያባርረው የኖረ አውሬ አንድ ቀን ሲወድቅለት፣ ተጫዋቹ ማደጉን ቁጥር ሳያይ ያውቀዋል። ዋጋው ነፃነት ነው፤ ፍርሃት አጥር ሆኖ ብዙ ቦታ ያግደዋል።

ስካይሪም (2011) መሐል ላይ ቆመ። ጠላቶቹ ከተጫዋቹ ጋር ቢያድጉም ለየአካባቢው ወሰን አለው፤ በሜዳው የሚዞሩት ግዙፎችም ለማንም 32ኛ ደረጃ ናቸው።

እኔ የማደላው ለማይለወጠው ዓለም ነው፤ ነገር ግን ዞሮ ማለፊያ ሊኖረው ይገባል። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ መነሻው ላይ ባለ ወርቃማ ጥሩር ፈረሰኛ አቁሟል። ጀማሪውን በጥቂት ምት ይጥለዋል። ሜዳው ግን ሰፊ ነው፤ ተጫዋቹ በጎን አልፎ ሌላ ቦታ ጠንክሮ ይመለሳል፣ ፈረሰኛውም እንደነበረ ይጠብቀዋል።