ምዕራፍ 7፦ ሰጪው ከሞተ በኋላ የሚሠራ ገንዘብ

በለንደንና በዙሪያዋ ከ100,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችን የሚያስተዳድር፣ «ፒቦዲ» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። መነሻ ገንዘቡን የሰጠው ጆርጅ ፒቦዲ የተባለ ባለ ባንክ ነው። ሰውየው አሜሪካ ተወልዶ፣ በጎልማሳነቱ ለንደን ገብቶ፣ እዚያው አረጀ። ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ ቢሆነውም ገንዘቡ እስከ ዛሬ ቤት ይሠራል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱቅ ረዳትነት ወደ ባንክ

ፒቦዲ በ1795 በማሳቹሴትስ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ጥቂት ዓመታት ብቻ ተምሮ በ11 ዓመቱ ሱቅ ተቀጠረ። በ16 ዓመቱ አባቱ ሲሞት እናቱንና ታናናሾቹን የመርዳት ኃላፊነት ትከሻው ላይ ወደቀ። በኋላ ባልቲሞር ላይ ከሸሪኩ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ጀመር። ለንግድ ሲመላለስባት በነበረችው እንግሊዝ በ1837 ኑሮውን ሲመሠርት 42 ዓመቱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ግዛቶች ቦይና የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ይፈልጉ ነበር፤ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ለንደን ነው። የፒቦዲ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት፣ ማለትም የግዛቶቹን ቦንድ ለእንግሊዝ ባለሀብቶች መሸጥ ነበር። ነገር ግን በ1840ዎቹ መጀመሪያ በርካታ ግዛቶች ወለድ መክፈል አቆሙ። ከእነሱ አንዷ ፒቦዲ ራሱ ቦንዷን የሸጠላት ሜሪላንድ ነበረች። እንግሊዞች ተቆጡ፤ አንድ የታወቀ የለንደን ክለብም «ዕዳውን የማይከፍል አገር ሰው» ብሎ አባልነት ከለከለው።

ፒቦዲ ዞር ብሎ አገሩን አላማም፤ ጥፋቱንም አልሸፈነም። ግዛቶቹ ዕዳቸውን እንዲከፍሉ ሳይታክት ወተወተ። ለሜሪላንድ ሥራ ሊከፈለው የሚገባውን 60,000 ዶላር ኮሚሽንም ተወላት። እርግጥ ነው፣ ኪሱንም አልረሳም፤ ዋጋቸው የወደቀ ቦንዶችን በርካሽ ገዝቶ ስለነበር ክፍያው ሲቀጥል ብዙ አተረፈ። በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የአሜሪካ መንግሥት ለአገሩ ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘብ ሳይመድብ ሲቀር፣ ጎደሎውን በብድር የሞላው ፒቦዲ ነበር።

ቋጣሪው ሰው

በግል ኑሮው ፒቦዲ ሳንቲም ቆጣሪ ነበር። አንድ ቀን ታሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሸሪኩ ጁኒየስ ሞርጋን ይመክረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞርጋን ሲያልፍ ፒቦዲ ዝናብ እየመታው መንገድ ዳር ቆሟል። ምነው ቢለው፣ እስካሁን የመጣው የሁለት ፔኒ ኦምኒባስ (በፈረስ የሚጎተት የሕዝብ ማመላለሻ) ነው፤ የአንድ ፔኒውን እየጠበቅሁ ነው አለው። በዚያን ጊዜ ከለንደን ሀብታሞች አንዱ ነበር።

ይህ ሰው በ1862፣ በ67 ዓመቱ፣ ለለንደን ድሆች መኖሪያ የሚሆን 150,000 ፓውንድ ሰጠ። ኑዛዜው ሲጨመርበት ስጦታው 500,000 ፓውንድ ደረሰ። ከገንዘቡ ጋር ሥርዓትም ሰጠ፦ ባለአደራዎች ተሾሙ፤ ቤት ሲሰጥ የሃይማኖትም ሆነ የፖለቲካ ልዩነት እንዳይደረግ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ሕንፃ በ1864 በስፒታልፊልድስ ተከፈተ። 57 መኖሪያዎችና 9 ሱቆች ነበሩት፤ የልብስ ማጠቢያው በላይኛው ፎቅ ላይ ነበር። ቤቶቹ ግን በነፃ አልተሰጡም። ነዋሪው በየሳምንቱ መጠነኛ ኪራይ ይከፍላል፤ ከኪራዩ የሚተርፈው ለቀጣዩ ሕንፃ ይውላል። ገንዘቡ እስከ ዛሬ ያላለቀበት ምስጢር ይኸው ነው።

ጉድለትም ነበረው። ቋሚ ሥራ የሌለው የቀን ሠራተኛ ኪራዩን ስለማይችል፣ ከሁሉ የባሰው ድሃ ውጭ ቀረ። የግቢው ደንብም ጥብቅ ነበር፤ በር በሌሊት ይቆለፋል። ቢሆንም ንጹሕ ክፍልና ውኃ ብርቅ በነበሩበት ከተማ ለሠራተኛ ቤተሰብ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ የባላባት ማዕረግ ልትሰጠው ብትፈልግ አልቀበልም አለ። በ1864 ከሥራ ሲወጣ ሞርጋን በፒቦዲ ስም እንዲነግድ አልፈቀደለትም፤ ባንኩ የሞርጋን ተባለ፤ የዛሬው ጄፒ ሞርጋንም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ የፒቦዲ ስም ከባንኩ ላይ ተነሥቶ በድሆች ቤት ላይ ቀረ። በ1869 ሲሞት አስከሬኑ ለጊዜው በዌስትሚንስተር አቢ አርፎ፣ ኋላ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ትውልድ አገሩ ተሸኘ።

ከፒቦዲ የምንወስዳቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ በሰው አገር የአገርህ ስም ያለው አንተ እጅ ላይ ነው። ወገንህ ሲያጠፋ ጥፋቱን አምነህ እንዲታረም ጣር፤ መሸሽም መሸፋፈንም ስም አያድስም።

ሁለተኛ፣ ቁጠባ ዓላማ ያስፈልገዋል። ፒቦዲ ፔኒዋን ቆጥቦ ቢሞት ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ባልኖረ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስጦታህን ደንብ አብጅለት። እድራችን ትውልድ የተሻገረው አባላቱ ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ መዝገብና ተጠያቂ ዳኛ ስላለው ነው።

አንተም በውጭ አገር የምትኖር ከሆነ፣ ለተወለድክበት ቀበሌም ሆነ ለምትኖርበት ሰፈር የምታስበው ነገር ካለ፣ ሚሊዮን እስክታገኝ አትጠብቅ። አንድ ችግር ምረጥ። ሦስት የምታምናቸውን ሰዎች ሰብስብ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ለማን እንደሚውል፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር በአንድ ገጽ ጻፉና ፈርሙ። መዋጮው ከዚያ በኋላ ይጀመር።