እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል

ጋሼ ዕድሜያቸውን በቶርኖና በብየዳ ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከግቢያቸው ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል አልጠፉም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወንድማቸው ልጅ ድንጋይ የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ቡናው ሲቆላ ተጀምሮ እስከ በረካ የዘለቀው ጨዋታቸው ይህ ነው።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ በንዝረት ድንጋይ የሚያለሰልስ ማሽን ልሠራ ነው። ሞተር የት እንደማገኝ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ሞተሩ ይደርሳል። እስቲ መጀመሪያ ፌስታሉን ዘርግፊው።

(ድንጋዮቹን በጣታቸው እየገፉ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው።)

ጋሼ፦ እነዚህ ቀያዮቹ ኢያስጲድ ናቸው። ብርሃን የሚያሳልፉት ደግሞ ኬልቄዶን። ስማቸውን ቤተ ክርስቲያን ስትሰሚ አድገሻል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥር የጥንካሬ መለኪያ 7 አካባቢ ናቸው። ለማሽንሽ ከእነዚህ የተሻለ የለም። ይሄ ጥቁሩ ባልጩት ነው። ከየት አመጣሽው?

ጠያቂዋ፦ ከመተሐራ፣ ከፈንታሌ ግርጌ።

ጋሼ፦ እሱስ ይሁን። ከመልካ ቁንጥሬ ወይም ከባልጭት ያነሳሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ መልሺው እልሽ ነበር። እዚያ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው ባልጩት ጠርበዋል፤ ዩኔስኮም በ2024 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ባልጩት ተፈጥሮ የሠራው መስታወት ነው። ጥንካሬው ከ5 እስከ 5.5 ቢሆን ነው፣ ጠርዙም ቶሎ ይሸረፋል። ከኢያስጲድ ጋር ካስገባሽው ቀጥቅጦ ይጨርሰዋል። ለብቻው ይዙር።

ጠያቂዋ፦ እነዚህ ትንንሾቹ ኦፓሎችስ? ከደላንታ ዘመድ ነው የላከልኝ።

ጋሼ፦ እነሱን መልሰሽ ቋጥሪ። በ2008 እ.ኤ.አ. ወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ስትከቺው ይጠራና የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ማሽንሽ ውስጥ የሚዞረው ግን ጭቃ ነው። ጭቃ የጠጣ ኦፓል እድፉ አይለቀውም። እሱን በእጅ፣ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ይሥራው።

ጠያቂዋ፦ እሺ። ብዙ ሰው የሚሠራው ግን የሚሽከረከር በርሜል ነው። ንዝረት የመረጥኩት ፈጣን ነው ስለተባልኩ ነው።

ጋሼ፦ ፈጣን ነው፣ ግን ልዩነቱ እሱ ብቻ አይደለም። በርሜሉ ድንጋዩን ወደ ላይ ያወጣና ይንደዋል። ስለዚህ ሹሉን ይሰብራል፣ ጎኑን ያከባል፣ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በንዝረት ግን ድንጋዮቹ ተጠጋግተው እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ እንጂ አይወድቁም። ቅርጻቸውን እንደያዙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለሰልሳሉ። ወጣ ገባ የበዛበትን ድንጋይ እንዲያከብልሽ ግን አትጠብቂ።

ጠያቂዋ፦ መፋቂያውስ? የወንዝ አሸዋ አይሆንም? ወንዝ ጠጠርን የሚያለሰልሰው በአሸዋ አይደል?

ጋሼ፦ ወንዝ ጊዜ አለው፤ አንቺ ግን የመብራት ቆጣሪ ነው ያለሽ። አሸዋው በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፣ ጥንካሬው 7። ኢያስጲድሽም 7 ነው። እኩያ እኩያውን በቶሎ አይፍቅም። የምትፈልጊው ሲሊኮን ካርባይድ ነው፣ ጥንካሬው ከ9 በላይ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በ1891 እ.ኤ.አ. አልማዝ እሠራለሁ ብሎ ምድጃ ሲያነድ ያገኘው ነው፤ ካርቦራንደም ብሎ የሰየመው እሱ ነው። እንደ ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ዱቄቱ ይደቅቃል።

ጠያቂዋ፦ አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ባለ ሁለት ገንዳ ልብስ ማጠቢያ ያረጀበት ጎረቤት አለኝ፤ የመጭመቂያውን ሞተር እሰጥሻለሁ ብሎኛል።

ጋሼ፦ አመስግኚና ተይው። የመጭመቂያ ሞተር ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ አንቺ ቀንና ሌሊት ልታስኬጂው ነው። ይቃጠላል። ሞተር ፍለጋ ወደ ገበያ፣ ምናለሽ ተራ ስትወርጂ የሞተሩን ሰሌዳ አንብቢ፦ ኤስ 1 የሚል ካለ ሳያቋርጥ መሥራት ይችላል ማለት ነው። ሩብ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 1,400 አካባቢ የሚዞር ይበቃሻል። ከዚያ ዘንጉን ይዘሽ ወዝውዢው። በቡሽ የሚዞር ከሆነ አትግዢ፣ የተዛባ ክብደት በቶሎ ይበላዋል። ኩሽኔታ ያለው ይሁን።

ጠያቂዋ፦ የተዛባ ክብደት ያሉት ንዝረቱን የሚያመጣው ነው?

ጋሼ፦ እሱ ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ አንድ ጎኑ ብቻ የከበደ ብረት ታስሪያለሽ። መቶ ግራም ብረት ከዘንጉ መሐል ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቆ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር፣ ወደ ጎን የሚጎትተው እንደ ስድስት ኪሎ ተኩል ጭነት ነው። ያንኑ ብረት 2,800 በሚዞር ሞተር ላይ ብታስሪው ስንት ይሆን ይመስልሻል?

ጠያቂዋ፦ አሥራ ሦስት ኪሎ?

ጋሼ፦ ሃያ ስድስት! ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ፈጣኑን ሞተር አትግዢ የምልሽ። በመቶ ግራም ጀምሪ፤ ድንጋዮቹ እንደ ወፍራም ገንፎ ቀስ ብለው መገላበጥ እስኪጀምሩ አንድ አንድ ሮንዴላ እየጨመርሽ ሞክሪ። በጨመርሽ ቁጥር ማሽኑን አጥፊ፣ ከመብራትም ንቀዪ። ብረቱን በቡሎንና በሁለት ዳዶ አጥብቂው፣ ዙሪያውንም በላሜራ ሸፍኚው። በዚያ ፍጥነት የተፈታ ዳዶ ጥይት ነው።

ጠያቂዋ፦ ከታች ምን ላይ ይቆማል?

ጋሼ፦ ሞተሩን ዘንጉ ወደ ታች እንዲያይ አድርገሽ ከአንድ ጠንካራ ላሜራ ጋር እሰሪው፤ ከላሜራው በላይ ደግሞ ድስቱ ይቀመጣል። ላሜራውን በአራት የሶፋ ስፕሪንግ ከከባድ መሠረት ጋር አያይዢው። ስፕሪንጉን የምትመርጪበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ሙሉ ጭነቱን ስትጭኚበት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ካጠረ ልኩ ነው። ከነጭራሹ ካላጠረ ንዝረቱ ድንጋዩን ትቶ ወለሉን ይመታል። ከኮንዶሚኒየም ጎረቤት የሚያጣላው እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦ ሲነሳ እንደ እብድ ከዘለለስ?

ጋሼ፦ ሲነሳና ሲቆም ለአፍታ ይንፈራገጣል። ስፕሪንጉ የራሱ ምት አለው፤ ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዝም ሲያጣም በዚያ ምት ላይ ያልፋል። ካለፈው በኋላ ይረጋል። እዚያው እየዘለለ ከቀረ ግን ስፕሪንጉ ደንድኗል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ ድስቱስ ምን ዓይነት ይሁን?

ጋሼ፦ አምስት ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ ከጎኑ ጋር ያለ ማዕዘን የሚገናኝ ክብ ድስት። ውስጡን በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ልበጪው፤ አለበለዚያ ብረቱ ተፍቆ ድንጋይሽን ያጠቁረዋል። መሐሉ ላይ አጠር ያለ ቱቦ አቁሚ፤ ድንጋዮቹ በዙሪያው እንዲዞሩ። ውሃ ከላይ፣ መብራት ከታች መሆኑን እንዳትረሺ። በመካከላቸው ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይኑር፣ የመሬት ሽቦውም በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታሰር። እዚህ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሪ።

(ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።)

ጠያቂዋ፦ ተሠራ እንበል። አጠቃቀሙን ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ድስቱን ከአምስት እጅ አራት እጁን ሙዪው፤ ትልቁንና ትንሹን ቀላቅለሽ። ትንንሾቹ በትልልቆቹ መካከል ገብተው ግጭቱን ያለዝባሉ። ለሁለት ኪሎ ድንጋይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። በሻካራው፣ ከ120 እስከ 220 ባለው ትጀምሪያለሽ፤ ሦስት አራት ቀን። ከዚያ 500፣ ከዚያ 1,000፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ቀን። መጨረሻ ላይ ማንጸባረቂያው፦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ለባልጩቱ ሴሪየም ኦክሳይድ ብታገኚለት ጥሩ ነው።

ጠያቂዋ፦ ውሃውስ ምን ያህል?

ጋሼ፦ በርሜል የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድንጋዩ መርጠብ እንጂ መዋኘት የለበትም። ውሃ ከበዛ ዱቄቱ ታጥቦ ታች ይቀራል። ካነሰ ጭቃው ይወፍርና ድንጋዮቹ ይያያዛሉ። ጭቃው ጣትሽ ላይ እንደ ስስ የእንጀራ ሊጥ መሆን አለበት። ጠዋትና ማታ ክዳኑን ክፈቺ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ አድርጊበት።

ጠያቂዋ፦ ሌሊት መብራት ቢጠፋስ?

ጋሼ፦ ማብሪያውን አጥፊና ተኚ። ጭቃው ይረጋል፣ ይጠነክራል። ሞተሩ በደረቀ ጭቃ ላይ በራሱ ከተነሳ ይጨነቃል። ጠዋት ትንሽ ውሃ ጨምረሽ፣ በእጅሽ አነቃንቀሽ ታስነሺዋለሽ።

ጠያቂዋ፦ ይሄ ሁሉ ከባድ አይደለም እኮ ጋሼ።

ጋሼ፦ ከባዱ ገና ነው፤ እጥበቱ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ጊዜ ሦስቱን ደረጃ በሚገባ ጨርሼ ማንጸባረቂያ ውስጥ አስገባሁ። ሁለት ቀን ጠብቄ ሳወጣው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ፀጉር የሚያህል ጭረት። ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ክዳኑን ገልብጬ ጠርዙን በጥፍሬ ስጠርገው ጥቁር ሻካራ ቅንጣት ወጣ፤ ከመጀመሪያው ዱቄት የቀረ። እሱ ነው ሳምንቱን የበላው። እንደገና ከ500 ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነበርኩ።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ እንዴት ይታጠባል?

ጋሼ፦ ድንጋዩን አውጥተሽ በጥርስ ብሩሽ እጠቢ፤ ድስቱን፣ ክዳኑን፣ ቡሎኑን ሳይቀር። ከዚያ ድንጋዩን መልሰሽ በሳሙና ውሃ ብቻ ሃያ ደቂቃ በማሽኑ አዙሪውና እንደገና እጠቢ። ስንጥቅ ያለበትን ድንጋይ ከመጀመሪያው አውጥተሽ ጣዪ፤ ስንጥቁ ውስጥ ሻካራ ዱቄት ደብቆ በመጨረሻው ቀን ይተፋዋል። ለየደረጃው የየራሱ ባልዲና ብሩሽ ይኑርሽ። እጣቢውን በቧንቧ አትድፊ፣ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ባልዲ ውስጥ ሲዘቅጥ ውሃውን አጥልለሽ ጭቃውን ቆሻሻ ውስጥ ጣዪ።

ጠያቂዋ፦ ድንጋዩን በመዶሻ ከመስበር ጀምሮ ለጤና የሚያሰጋ ነገርስ?

ጋሼ፦ ድንጋይ ስትሰብሪ መነጽር አድርጊ፤ የባልጩት ስባሪ ምላጭ ነው። አቧራውን ደግሞ አትናቂ። የእነዚህ ድንጋዮች ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ሁሉንም ነገር በእርጥቡ ሥሪ።

ጠያቂዋ፦ ወደሚቀጥለው ቁጥር መሄድ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ? በየቀኑ ሳየው ያምራልና...

ጋሼ፦ ያምራል፣ ምክንያቱም እርጥብ ነው። እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል። ውሃው ጭረቱን ይሞላና ያስተካክለዋል። አንዱን አውጪ፣ በጨርቅ አድርቂ፣ እስኪነፍስበት ጠብቂ። ከዚያ ከአምፖል ሥር ያዢው። ከሻካራው በኋላ ገጹ ሁሉ እኩል ፈዛዛ መሆን አለበት፤ ጉድጓድ ወይም የሚያበራ ነጥብ ካለ ገና ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የአምፖሉ ምስል ጠርዙ ሳይደበዝዝ ሲታይሽ በቅቷል።

(በረካው ተጠጣ። ጠያቂዋ ኦፓሎቹን ለብቻ፣ ባልጩቱን ለብቻ ቋጠረች።)

ጠያቂዋ፦ ሰኞ ሞተሩን ለመግዛት አብረውኝ ይወርዳሉ?

ጋሼ፦ እወርዳለሁ። ከሞተሩ በፊት ግን አራት ባልዲና አራት የጥርስ ብሩሽ እንገዛለን።